የንክኪ ዝገት

ሬዲዮ ውስጥ ተረስቶ የከረመ የባትሪ ድንጋይ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው የዛሬውን ቃል ግማሹን ያውቀዋል። ድንጋዩ ቆዳው ተበልቶ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ አንጠባጥቦ፣ የሬዲዮውን ሞላ አበላሽቶ ይገኛል። ያ ቆዳ ዚንክ ነው። መሃሉ ላይ የቆመው፣ ልጆች ሰብረው አውጥተው ግድግዳ የሚሞነጫጭሩበት ጥቁር ዘንግ ደግሞ ካርቦን ነው። በሁለቱ መካከል እርጥብ ነገር አለ። ሬዲዮው ሲዘፍን ዚንኩ እየተበላ ነው።

ይኸው ነገር ማንም ሳያዘው ጣሪያ ላይ ሲሆን በእንግሊዝኛ «ጋልቫኒክ ኮሮዥን» ይባላል። ስሙ የቦሎኛው ሉዊጂ ጋልቫኒ ነው። የሞተ እንቁራሪት እግር በተያያዙ ሁለት ዓይነት ብረቶች ሲነካ እንደሚፈራገጥ በ1791 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳተመ። እርሱ ኃይሉ ከእንስሳው የወጣ መስሎት ነበር። አሌሳንድሮ ቮልታ ግን ከብረቶቹ ነው ብሎ ተከራከረ፤ በ1800 እ.ኤ.አ. እንቁራሪት የሌለበት ባትሪ ሠርቶም አሳየ።

«ጋልቫኒክ ዝገት» ብሎ መተው ይቻል ነበር። እኔ አልወደድኩትም። ብረታ ብረት ቤት ገብታችሁ «ጋልቫናይዝድ» ብትሉ የሚሰጣችሁ እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ነው። ከአንድ ሰው ስም የተወለዱ ሁለት ቃላት፣ አንዱ መድኃኒት ሌላው በሽታ፤ መሰላል ላይ የቆመ ሠራተኛ በየትኛው ይለያቸዋል? «የልዩ ልዩ ብረታ ብረቶች ዝገት» ቢባል ትክክል ነው፣ ግን ተጠርቶ አያልቅም። «የጉርብትና ዝገት» ለጆሮ ይጥማል፤ ሆኖም ጎረቤታሞች ሳይነካኩ ዕድሜ ልክ ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ «የንክኪ ዝገት» እላለሁ። ጀርመኖችም ስሙን የሠሩት ከዚሁ ከመነካካት ነው። ቃሉን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ጊዜ «ንክኪ ያላቸው ሰዎች» ሲባል ሁላችንም ተምረነዋል።

ሦስት ነገር ሲገጥም ይነሣል፦ ሁለት የተለያዩ ብረቶች፣ የሁለቱ መነካካት፣ እርጥበት። አንዱ ከጎደለ የለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ይህን በውድ ዋጋ ነው የተማረው። በ1761 እ.ኤ.አ. «አላርም» የተባለች መርከቡን፣ ታችዋን ከትል ለመጠበቅ፣ በመዳብ ልባጥ አለበሳት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈትሿት መዳቡ ደህና ነው፤ መዳቡን የነካው የብረት ምስማር ግን ተበልቷል። መዳቡ ተጠቅልሎበት የመጣው ቡናማ ወረቀት ሳይነሣ በቀረበት ቦታ ግን ምስማሩ እንዳለ ነው። ወረቀት!

ማን ማንን እንደሚበላ ደረጃ አለው። ቶሎ ከሚበላው ስንጀምር ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ቲን፣ መዳብ፣ አይዝጌ ብረት፣ መጨረሻ ላይ ካርቦን። ሲነካኩ ቀድሞ የተጠራው ይበላል፤ በደረጃው ላይ ርቀታቸው ሲሰፋ ደግሞ ይብሳል። (የመማሪያ መጽሐፍ ቲንን «ቆርቆሮ» ይለዋል። ጣሪያችን ላይ ያለው ቆርቆሮ ግን በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ዕቃ ሲገዛ ይሳሳታል።)

እንግዲህ የሶላር ጣሪያ ላይ እንውጣ። የፓነሉ ፍሬም አሉሚኒየም፣ ጣሪያው የዚንክ ልባስ፣ ግራውንድ የሚደረግበት ሽቦ መዳብ፣ ብሎኑ አይዝጌ። አንድ ፓነል ለአንድ አምፖል የሰቀለ ሰው ይህን ያህል አይጨነቅ። ብዙ ፓነሎች በተከታታይ ሲያያዙ ግን ቮልቱ በመቶዎች ይቆጠራል። የአንዱ ሽቦ ልባስ ተልጦ ፍሬሙን ቢነካ፣ አቧራ ሊጠርግ የወጣው ሰው የሚይዘው ያንን ፍሬም ነው። ግራውንዱ ያለው ለዚያች ቀን ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ግራውንድ ይነካኩ ይላል፣ ዝገቱ አይነካኩ ይላል። መዳቡን በቀጥታ ፍሬሙ ላይ ያሠረ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ሥራው ያማረ ይመስለዋል። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ሲያረጥበው ከመዳቡ ሥር ነጭ ዱቄት ይወጣል። አሉሚኒየሙ ነው የሚበላው። ዱቄቱ ኤሌክትሪክ በቅጡ አያሳልፍምና ሽቦው ለዓይን እንደታሰረ፣ ለኤሌክትሪክ ግን እንደተቆረጠ ይሆናል። ጨው ያለበት የባሕር ጠረፍ ላይ ደግሞ ይፈጥናል። (ባሕር ዳር ከዚህ ነፃ ናት፤ ስሟ ነው እንጂ የጣና ውሃ ጨው የለውም።)

መፍትሔው እንደ መርከቧ ወረቀት መጋረድ አይደለም፣ ጭራሽ ከጋረዱት ግራውንድ የለም። አማላጅ ማስገባት ነው። የመዳቡ ሽቦ ጫፍ በቲን በተለበጠ ማሰሪያ ይጨመቃል፤ ማሰሪያው በአይዝጌ ብሎንና ሮንዴላ ከፍሬሙ ጋር ይጠብቃል። አይዝጌ ከአሉሚኒየም በደረጃ ይራቅ እንጂ ብሎኑ ትንሽ፣ ፍሬሙ ትልቅ ስለሆነ ጉዳቱ ተበትኖ ይደክማል። ግልባጩ ግን ክፉ ነው፦ በሰፊ የመዳብ ልባጥ ላይ ትንሽ የአሉሚኒየም ሪቬት የመታ ሰው ሪቬቱን ለጅብ ነው የሰጠው። ሮንዴላውም ባለ ጥርስ ይሁን። ፍሬሙ ፋብሪካ የሠራለት፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቀጭን ቆዳ አለው፤ ያንን የሚነክስ ጥርስ ያስፈልጋል።

«ንክኪ» የሚለው ስም አንድ ቦታ ላይ ይከዳኛል። ራቁቱን የተዘረጋ መዳብ ላይ የወረደ ዝናብ ጥቂት መዳብ አሟምቶ ቆርቆሮው ላይ ያንጠባጥባል፤ ሽቦው ቆርቆሮውን ባይነካም ዚንኩ ይበላል። ሽቦው ልባስ ይኑረው፣ ከቆርቆሮውም ከፍ ይበል የሚባለው ለዚህ ነው። አናጢዎቻችን የሚያሰምሩበት እርሳስስ? ስሙ እርሳስ ይሁን እንጂ ውስጡ ግራፋይት፣ ማለትም ካርቦን ነው፤ ከደረጃው ጫፍ ላይ ያለው። ቆርቆሮ ላይ በእርሳስ ያሰመሩት መስመር እንደ ባትሪ ድንጋዩ ዘንግ ይሠራል። በማርከር ማስመር ይሻላል።

ክረምቱ እንዳለፈ ሲስተሙን አጥፍቶ በቴስተር መለካት ጥሩ ነው፤ በሁለት ፍሬሞች መካከል ያለው የኦም ቁጥር ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። የቴስተሩ ጫፍ የሚያርፈው ግን ጥርሱ በነከሰበት ብሎን ላይ ነው። የፍሬሙ ቆዳ ላይ ያሳረፈው ሰው ደህናውን ግራውንድ ተቆርጧል ብሎ ሊፈታው ይችላል።