አደራ ጥብቅ ነው፤ ግብሩስ የማን ነው?

ከደሴ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በገራዶም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል፣ አንድ አባት ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ትቶ በሞት ሲለይ ንብረታቸውን አጎት ወይም ታማኝ ዘመድ በአደራ መጠበቁ የቆየ ልማድ ነው። አበው «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ያሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ንብረቱ በአንዱ ስም ተይዞ ፍሬውን ሌላው ሲበላ፣ ግብሩ የሚታሰበው በማን ላይ ነው? ተቀባዩ ድኻ ሲሆንስ?

ይህ ጥያቄ በባሕር ማዶም ብዙ አከራክሯል። በእንግሊዝ አገር ባለርስቶች መሬታቸውን በባለአደራ ስም እያደረጉ፣ ሲሞቱ ለዘውዱ የሚገባውን ግብር ያስቀሩ ነበር። ስለዚህ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1536 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ባለቤት ተብሎ የሚቈጠረው ተጠቃሚው እንጂ ስመ ባለቤቱ እንዳይሆን ወሰነ።

በእኛ አገር ግን ግብሩ የሚያየው መሬቱን እንጂ ሰውየውን አልነበረም። በ1937 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት ግብር፣ በአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ በለም ጠፍ 10 ብር፣ በጠፍ 5 ብር ይከፈል ነበር። የሙት ልጅ ድርሻና የባለጸጋ ርስት በአንድ ሚዛን ተመዘኑ ማለት ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በአሥራት ፈንታ ሲተካ፣ ዓይን ከመሬቱ ወደ ገቢው ዞረ።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቍጥር 516 ጀምሮ የአደራን ንብረት ከባለአደራው የግል ሀብት ለይቶ አቁሞታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህም፣ ቤትና ገንዘብ በአደራ መቀመጣቸው አልቀረም።

አሁን በምሳሌ እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ፣ የአንድ ግለሰብ የኪራይ ገቢ በዓመት እስከ 7,200 ብር ከግብር ነጻ እንዲሆን፣ ከዚያ በላይ እስከ 19,800 ብር ባለው ላይ ግን 10 በመቶ እንዲከፈል ደንግጎ ነበር። በዚያ ተመን ግብር የሚታሰብበት የአደራ ቤት ኪራይ 14,400 ብር ነበር እንበል። በአጎት ስም ብቻ ቢታይ 720 ብር ይከፈልበት ነበር፤ ለሁለት ሙት ልጆች እኩል ተከፍሎ ቢታይ ግን ምንም አይከፈልበትም ነበር። 720 ብር ለባለጸጋ ኢምንት ነው፤ ለሙት ልጅ ግን የደብተርና የልብስ ዋጋ ነው።

ስለሆነም፣ አደራ የተቀበላችሁ ሁሉ፣ የሕፃናቱን ገንዘብ ከራሳችሁ ለይታችሁ በመዝገብ ያዙ። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ የተቀመጣችሁም፣ «በማን ስም ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ «የሚበላውስ ማነው?» የሚለውን አትርሱ። ግብር ዕዳ ነው፤ አደራም ዕዳ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሊያስረሳ አይገባም።