ገዱ አንዳርጋቸው

የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የነበሩ ፖለቲከኛ። ሥልጣኑን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከአያሌው ጎበዜ ተረክበው እስከ የካቲት 2011 መርተዋል፤ በፓርቲ ደረጃ ብአዴን፣ ኋላም አዴፓ በተባለው ድርጅት ውስጥ ነበሩ። የሥልጣን ዘመናቸው ከባዱ ፈተና ከሰሜን ጎንደር መጣ። ሐምሌ 24 ቀን 2008 በጎንደር ከተማ የወልቃይትን ጥያቄ ያነሣ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ፤ ተቃውሞው ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሌሎች የክልሉ ከተሞች ዘለቀ። ርዕሰ መስተዳድሩን በሕግ የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ቢሆንም፣ ያን ጊዜ እጩው አስቀድሞ በፓርቲው ይታወቅ ነበር። ተተኪያቸው አምባቸው መኮንን ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ውስጥ ተገደሉ። ገዱ ከሚያዝያ 2011 እስከ ጥቅምት 2013 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ።