ታብ ማንበብ «ማጭበርበር» ነው እንዴ?

ጊታር ጀምራችሁ በታብ ስትለማመዱ «ኖታ ሳታውቁ ምኑን ተማራችሁት?» የሚላችሁ አይጠፋም። አትደንግጡ! በ1507 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ቬኒስ ላይ ኦታቪያኖ ፔትሩቺ ያሳተመው የፍራንቸስኮ ስፒናቺኖ የሉት መጽሐፍ የተጻፈው በታብ ነው። ስድስት መስመር፣ በላዩ ቁጥር፤ 0 ከሆነ ክሩን ሳትጫኑ ምቱ፣ 3 ከሆነ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑ።

ልዩነቱ፣ ጣሊያኖቹ ወፍራሙን ክር ከላይ ነበር የሚያሰምሩት፤ ጊታሩን ታቅፋችሁ ቁልቁል ስታዩት እንደምታገኙት ማለት ነው። የዛሬው ታብ ግን ቀጭኑን ነው ከላይ የሚያደርገው (ስፔናዊው ሉዊስ ደ ሚላንም በ1536 እንዲሁ አድርጓል)። ጀማሪን በጣም የሚያምታታው ይሄው ነው።

የድሮዎቹ ከመስመሮቹ በላይ የድምፁን ርዝመት የሚያሳይ ምልክትም ያስቀምጡ ነበር። አሁን በነጻ የምታገኟቸው ብዙዎቹ ታቦች ይሄ የላቸውም፤ ዘፈኑን ቀድማችሁ ካልሰማችሁት ጣታችሁ ቦታውን ይዞም ዜማው ይጠፋችኋል።