የቢዋ ሐይቅ ቦይና የኪዮቶ ከተማ ትንሣኤ

ስለ ጃፓን የቴክኖሎጂ እድገት ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት የጦር መርከቦቿ፣ የባቡር ሐዲዶቿና ታላላቅ ፋብሪካዎቿ ናቸው። ይሁን እንጂ የእድገቱን ምንጭ መርምሮ ማወቅ ለሚሻ መሐንዲስ በኪዮቶ ከተማ አጠገብ የተቈፈረ አንድ የውሃ ቦይ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ኪዮቶ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የነገሥታቱ መቀመጫ ሆና ኖራለች። በ1869 ቤተ መንግሥቱ ወደ ቶክዮ ሲዛወር ግን መኳንንቱና ባለጠጋው ነጋዴ ተከትለው ሄዱ፤ የሸማኔውም ገበያ ተቀዛቀዘ። በ1881 አገረ ገዥ ሆኖ የተሾመው ኪታጋኪ ኩኒሚቺ የከተማይቱ መድኅን ውሃ እንደሆነ አመነ። ከተራራው ባሻገር በስተምሥራቅ የጃፓን ትልቁ ሐይቅ ቢዋ ይገኛል። ተራራውን በስቶ ውሃውን ማምጣት ቢቻል ለጀልባ መጓጓዣ፣ ለመስኖና ለፋብሪካ መዘውር ይሆናል የሚል ነበር ሐሳቡ።

በዚያን ዘመን እንዲህ ያለው ከባድ ሥራ የሚሰጠው ለውጭ አገር መሐንዲሶች ነበር። አገረ ገዥው ግን ሥራውን ለታናቤ ሳኩሮ ሰጠ። ታናቤ በ1883 ከቶክዮ የምሕንድስና ኮሌጅ ሲመረቅ ዕድሜው 21 ዓመት ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፉም ስለዚሁ ቦይ ነበር። በስኮትላንዳዊው ሄንሪ ዳየር መሪነት በ1873 ሥራ የጀመረው ይህ ኮሌጅ ስድስት ዓመት ያስተምር ነበር፤ ይኸውም ሁለቱን ዓመት አጠቃላይ ትምህርት፣ ሁለቱን የሙያ ትምህርት፣ የቀሩትን ሁለቱን ደግሞ በሥራ ቦታ የሚሰጥ ልምምድ ነው።

ቁፋሮው በ1885 ተጀመረ። የመጀመሪያው ዋሻ 2,436 ሜትር ርዝመት ስለነበረው ከሁለቱ ጫፎች ብቻ መቈፈሩ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ከተራራው ላይ ቁልቁል ጉድጓድ ተቈፍሮ፣ ከግርጌው በግራና በቀኝ ሥራው ቀጠለ። ጉድጓዱን የሚሞላው ውሃ ሠራተኞቹን እጅግ አስቸገረ። ለግንቡ የሚያስፈልገው ጡብ በአቅራቢያው ተቃጠለ። ወጪው ከባድ በመሆኑም በከተማው ነዋሪ ላይ ልዩ ግብር ተጣለ፤ ሕዝቡም አጕረመረመ። በሥራው ላይ 17 ሰዎች ሞቱ። ታናቤ በ1902 በራሱ ገንዘብ የመታሰቢያ ሐውልት አቆመላቸው።

ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ በ1888 ታናቤ ወደ አሜሪካ ተላከ። በኮሎራዶ ግዛት በአስፐን ከተማ ውሃ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ተመልክቶ እንደተመለሰም ፕላኑን ለወጠ። መዘውር ባለበት ቦታ ብቻ የሚያገለግለው ኃይል በሽቦ ወደ ፈለጉት ቦታ የሚሄድ ሆነ። ቦዩ በ1890 ተመረቀ፤ በከአጌ የተተከለው የኃይል ማመንጫም በ1891 ሥራ ጀመረ። ጀልባዎቹ በሠረገላ ላይ ሆነው 582 ሜትር የሚረዝመውን ተዳፋት በኤሌክትሪክ ኃይል እየተሳቡ ይወጡና ይወርዱ ጀመር። በ1895 በጃፓን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ የከተማ ባቡር በኪዮቶ ጎዳናዎች ላይ ሄደ። ኃይሉ ለፋብሪካዎችም ተዳረሰ። ሁለተኛው ቦይ በ1912 ሲጠናቀቅ የቧንቧ ውሃ ተጨመረ፤ ዛሬም ከተማይቱ የምትጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው።

የእኛም አገር ምሁራን በዘመናቸው ዓይናቸውን ወደ ጃፓን አቅንተው ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን በመጽሐፍ አስነብበዋል፤ የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥትም የጃፓንን አርአያ የተከተለ ነበር። ሕግን መቅዳት ግን በአንድ ዓመት የሚፈጸም ሲሆን፣ መሐንዲስን ማፍራት ብዙ ዓመት ይጠይቃል። የኪዮቶ ቦይ እንደሚመሰክረው መሣሪያውን ከውጭ መግዛት፣ የውጭ መምህር መቅጠርም ነውር አይደለም። ቁም ነገሩ የተማረው ወጣት የገዛ አገሩን ችግር የጥናቱ ርእስ ማድረጉ፣ ኃላፊውም አምኖ ሥራውን ለእርሱ መስጠቱ ነው። ከዚህም ጋር ግብሩን የከፈለውና በዋሻው ውስጥ የቀረው ሰው ከሒሳቡ ሊዘነጋ አይገባም።