በቅጥር የተወለደች ከተማ

ከድሬዳዋ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሞ ቀና ያለ ሰው በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፈውን የድርጅቱን ስም ያነባል። ከጽሑፉ ጀርባ ሐዲዱ፣ ጋራዡና መጋዘኑ በአንድ አጥር ታቅፈዋል። በአፍ ሲጠራ «የምድር ባቡር ግቢ» ነው፤ ደብዳቤ ላይ ሲሰፍር ግን «ቅጥር ግቢ» ይሆናል። ዛሬ ላነሣት የፈለግሁት ይህችን «ቅጥር» የምትባል ቃል ነው።

ግእዙ «ቀጸረ» ይላል፤ ዙሪያውን አጠረ፣ በግንብ ከበበ ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ «ቅጽር» የሚባለው ከዚሁ ነው። «ጸጉር» «ጠጉር»፣ «ጾም» «ጦም» እንደሆነ ሁሉ አማርኛም «ቅጽር»ን «ቅጥር» አለው። ሠራተኛ ማስገባትም «ቀጠረ»፣ ቀን መቁረጥም «ቀጠረ» ነው። ለእኔ ሦስቱም የአንድ ሐሳብ ልጆች ይመስሉኛል። መሬት የሚያጥር ከሜዳው ላይ ለራሱ ይለያል፤ ቀጠሮ የሚይዝ ከቀኖች መካከል አንዱን ይለያል፤ ሰው የሚቀጥር ደግሞ የሌላውን ሰው ቀን ያጥራል።

ድሬዳዋ ላይ እነዚህ ትርጉሞች አብረው የደረሱት በባቡር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ ከጅቡቲ የሚነሣው ሐዲድ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ተራራው ግን አላስወጣም። ባቡሩ ከግርጌው ቀረ፤ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ጣቢያዋም «አዲስ ሐረር» ተባለች።

ነባሪቱ ሐረር በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የታነጸው የጀጎል ግንብ ከነአምስት በሮቹ ይከብባታል። አዲሲቱ ግን ከተማውን ሙሉ የሚከብ ግንብ አልሠራችም። የእሷ አጥር ውስጥ ለውስጥ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ የከዚራ ሰፈር፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ የተሰደረ፤ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ፣ የቀፊራ ገበያም በቅስት በሮቹ። ከሁሉ በፊት ግን የባቡሩ ኩባንያ ቅጥር ነበር። ቅጥር ያገኘ ሰው ቅጥሩን አልፎ ይገባል፤ ያላገኘ ከበሩ ውጭ ይቀራል። ሌላ ከተማ ውስጥ ይህ የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን የስንት ቤት እንጀራ የተንጠለጠለበት ነገር ነበር።

ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ደግሞ፣ የግእዝን ግሥ ከሥሩ ሲመረምሩ የኖሩት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከሥራዎቻቸው አንዳንዶቹን ያሳተሙት እዚሁ ድሬዳዋ፣ በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት መሆኑ ነው። ታላቁ መዝገበ ቃላታቸው በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ እጅ ተፈጽሞ የወጣው ግን በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። እኒያ ሊቅ ፊደል ሲያስለቅሙ፣ የባቡሩ ጩኸት ከዚያው ከተማ ይሰማ ነበርና፣ ቃሉና ግቢው ጎረቤት ሆነው ኖረዋል ማለት ነው።

የኤሌክትሪኩ ባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። በአሮጌው ግቢ እንደ ድሮው የሚቀጥርም የሚቀጠርም የለም። አጥሩና በሩ ግን እንዳሉ ናቸው፤ ቦታውም ዛሬም «ምድር ባቡር» ነው።