የዓይናችን ሌንስ ስለምን ይጠራል፤ ስለምንስ ይደፈርሳል?

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜኑ ደጋ፣ በዳባትና በደባርቅ፣ የሸመገለ ሰው ብሌኑ ነጣ ያለ እንደ ሆነ «ዓይኑን ሞራ ጋረደው» ይባላል። ሞራ ማለት፣ በግ ያረደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ የስብ መጋረጃ ነው። ስሙን ያወጡት አባቶቻችን ያዩትን በደንብ አይተዋል፤ ነገሩ ነጭ ነው፤ ይጋርዳልም። ነገር ግን ስሙ አንድ ስሕተት አዝሏል፤ እኛንም ይህን ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት እንድንጽፍ ያነሣሣን ይኸው ስሕተት ነው። አያታችን ሁለት ዓመት ሙሉ «ሞራው ከላይ የመጣ ነው፤ እንደ መጣ ይገፈፋል» እያሉ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ብለው ቆይተዋልና።

የተሳሳቱት ግን እርሳቸው ብቻ አይደሉም። የጥንት ሊቃውንት ይህን ሕመም ከራስ ወደ ዓይን የሚወርድ ፈሳሽ ያመጣዋል ይሉ ነበር፤ የላቲኑም ስም ትርጓሜው ፏፏቴ ነው። እምነቱ ከሺህ ዓመት በላይ ኖረ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ ታላቁን ዐፄ ኢያሱን ለማከም ጎንደር የገባው በ1699 ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ እርሱም ቢሆን ከዚህ የተለየ ትምህርት የቀሰመ አይመስለንም። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1705፣ ዐፄ ኢያሱ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ ብሪሶ የተባለ የፖንሴ አገር ሰው የአንድ ሟች ወታደር ዓይን ከፍቶ ቢመረምር፣ ነጩ ነገር በሌንሱ ፊት የተጋረደ ሳይሆን ሌንሱ ራሱ ሆኖ አገኘው። በ1747ም፣ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር አገር በሚገዙበት ዘመን፣ ዳቪየል የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ ሐኪም የደፈረሰውን ሌንስ ከዓይን አወጣ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ በመርፌ ወደ ውስጥ ይገፉት ነበር እንጂ አያወጡትም ነበር።

እንግዲህ የደፈረሰው ሌንሱ ራሱ ከሆነ፣ መጠየቅ የሚገባው አስቀድሞ ስለምን ጠርቶ እንደ ነበር ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። የላም ወተት ከመቶው ሦስት ያህል ብቻ ፕሮቲን ይዞ ነጭ ነው። የሰው ሌንስ ግን ከክብደቱ ሢሶ ያህሉ ፕሮቲን ሆኖ ሳለ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው! ስዊድናዊው ሜርነር እነዚህን ፕሮቲኖች በ1894 ለያይቶ አጠና፤ ዛሬ ክሪስታሊን ተብለው አልፋ፣ ቤታና ጋማ በሚሉ ስሞች ይታወቃሉ። መልሱን ለማግኘት ግን ገና ብዙ ዓመት ቀርቶ ነበር።

በክረምት በሊማሊሞ ያለፈ ሰው ምሳሌውን በዓይኑ አይቶታል። ጉም ውሃ ነው፤ ሆኖም መንገዱን ይሰውራል፤ ጠብታዎቹ ተራርቀው እያንዳንዳቸው ብርሃኑን በየፊናቸው ስለሚበትኑ ነው። ያው ውሃ በጥልቅ ኩሬ ሲጠራቀም ግን ክፍሎቹ ተጠጋግተው በእኩልነት ስለሚሞሉት፣ ሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። በ1983 ደላዬና ታርዲዩ የተባሉት ተመራማሪዎች ያስረዱት ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ክሪስታሊኖች እጅግ ተጠጋግተው በመካከላቸው ተመጣጣኝ ርቀት ስለሚጠብቁ፣ አንዱ የሚበትነውን ብርሃን የሌላው ያጠፋዋል። በዚህ ላይ ሌንስ የደም ሥር የለውም፤ በመካከሉ ያሉትም ሴሎች ብርሃን እንዳያሰናክሉ ኒውክሊየሳቸውን ሳይቀር አስወግደዋል።

ለዚህ ጥራት ዋጋ ይከፈልበታል። ኒውክሊየስ የሌለው ሴል አዲስ ፕሮቲን ሊሠራ አይችልም። በሌንስ መካከል ያለው ክሪስታሊን ከመወለዳችን በፊትና በሕፃንነታችን የተሠራው ነው፤ በ2008 የዴንማርክ ሊቃውንት በውስጡ ያለውን ካርቦን መዝነው የሰውን የልደት ዘመን እስከ መገመት ደርሰዋል። ይህን ለአያታችን ብንነግራቸው «እንግዲያማ ከጥርሴ ይልቅ ታማኝ ነው» ብለው ሳቁ።

ነገር ግን የሰባ ዓመት ፕሮቲን ይጎዳል። የደጋው ፀሐይም አይምርም፤ አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ አሥር ያህል እየበረታ ይሄዳል፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር አያንስም። ሆርዊትዝ በ1992 እንዳሳየው፣ የተፈታ ፕሮቲን ሲገኝ አልፋ ክሪስታሊን ይዞ ከሌላው ጋር እንዳይጓጉል ይከለክለዋል። የአልፋው ኃይል ሲያልቅ ግን የተፈቱት እየተጓጎሉ ሌንሱ ይነጣል፤ የዕንቁላል ውሃ በእሳት እንደሚነጣው ማለት ነው። የተቀቀለ ዕንቁላል ወደ ጥሬነቱ አይመለስም፤ ሞራውም በቅጠልም ሆነ በጠብታ አይገፈፍም።

በ2005 እና በ2006 በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት፣ ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉን ለዚህ ያደረሳቸው ይኸው ሞራ መሆኑ ታውቋል። ይህም የሚያሳዝነው በቀዶ ሕክምና የሚድን ስለ ሆነ ነው። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደሩ ተቋም፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የዓይን ሐኪሞችን እያሠለጠነ ሕመምተኞችንም ያክማል።

አያታችን ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፤ «እርሱን ካወጡትማ በምን አያለሁ?» እንግሊዛዊው ሪድሊ በጦርነቱ ጊዜ ከአውሮፕላን መስኮት የተሰበረ ፕላስቲክ በአብራሪዎች ዓይን ገብቶ ሳያመረቅዝ እንደሚቀመጥ አስተውሎ፣ በ1949 ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ እንዳስገባ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ፍልሰታ ትለፍና እንሄዳለን» አሉን።