የሊዝ ዘመን ሲያበቃ የአፓርታማ ባለቤት መብት፦ ልደታን መነሻ ያደረገ ምልከታ

በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው የቀበሌ ቤቶች ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ እንደ ጀሞ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። በቦታው ኮንዶሚኒየሞችና ባለብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ቆሙ። ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ቤት ሲፈርስ ቢያንስ ቆርቆሮው፣ በሩና መስኮቱ ይነሣል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ግን ከላይና ከታች ካለው ቤት ተነጥሎ የሚነሣ ነገር የለውም። የከተማ ቦታ የሊዝ ሕጋችን ይህን ልዩነት በበቂ አላየውም። በተለይ የሊዝ ዘመን ስለሚታደስበት ሥርዓት ሲደነግግ በዓይነ ሕሊናው የነበረው አንድ ሰው፣ አንድ ግቢና አንድ ካርታ ይመስላል።

አዋጅ ቁጥር 47 በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ በ1986 የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የሊዝ ሥርዓትን አስጀመረ። አሁን ያሉትን አብዛኞቹን ጥያቄዎች የቀረጸው ግን በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ነው። አዋጁ ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት የሚደርስ የሊዝ ዘመን ፈቀደ። በአዲስ አበባ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለባህልና ለስፖርት 90፣ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ዓመት ጣሪያ አደረገ። ዘመኑ ሲያበቃ ውሉ በወቅቱ የሊዝ መነሻ ዋጋ ሊታደስ እንደሚችልም ደነገገ። «ሊታደስ ይችላል» ማለት «ይታደሳል» ማለት አይደለም። ማደስ የሚፈልግ የሊዝ ባለይዞታ፣ ዘመኑ ከማብቃቱ በፊት ባለው ከአሥረኛው እስከ ሁለተኛው ዓመት ውስጥ ማመልከቻውን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። አግባብ ያለው አካል በአንድ ዓመት ውስጥ ውሳኔውን ካላሳወቀ በእድሳቱ እንደተስማማ ይቆጠራል።

ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለባለይዞታው ትልቅ ጥበቃ ነው። ዝም ያለ ቢሮ እንደተስማማ መቁጠር በአስተዳደር ሕጋችን ብዙ ጊዜ የማይገኝ ልግስና ነው። ጥበቃው የሚሠራው ግን ማመልከቻው በትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው ጊዜ ሲቀርብ ብቻ ነው። የአፓርታማ ነዋሪ ችግርም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የሪል ስቴት ድርጅት በ2000 ዓ.ም. የሊዝ ውል ፈርሞ ሕንፃ ሠራ፣ በ2016 ደግሞ አንድ የ35 ዓመት ሰው ከዚያ ሕንፃ ቤት ገዛ እንበል። የሊዙ ዘመን መቆጠር የጀመረው ቤቱ ከተገዛበት ቀን ሳይሆን ድርጅቱ ከፈረመበት ቀን ነው። ቦታው ለመኖሪያ በ99 ዓመት ተሰጥቶ ከሆነ ዘመኑ በ2099 ስለሚያበቃ ገዢው ብዙም አይጨነቅም። ሕንፃው ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ሆኖ ውሉ በንግድ ዘርፍ በ60 ዓመት ተፈርሞ ከሆነ ግን በ2060 ያበቃል። ማመልከቻው ከ2050 እስከ 2058 ባለው ጊዜ መግባት አለበት፤ ገዢውም ያኔ በ69 እና በ77 ዓመት ዕድሜው መካከል ይሆናል። ቤት ገዢ ስለ ወለሉ፣ ስለ አሳንሰሩና ስለ ውሃ ታንከሩ አጥብቆ ይጠይቃል። በሊዝ ውሉ ላይ የተጻፈው ዘርፍ የትኛው እንደሆነና ስንት ዓመት እንደቀረው ግን መጠየቅ ያለበት ከሁሉ በፊት ነው።

ለመሆኑ ማመልከቻውን የሚያስገባው ማን ነው? ካርታው በአልሚው ስም እንደሆነ ከቀረ፣ ያ ድርጅት በ2050 መኖሩን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። እያንዳንዱ ነዋሪ ለየብቻ ያመልክት ቢባል፣ ቦታው አንድ ስለሆነ የአንዱ ውል ታድሶ የጎረቤቱ ሊቀር አይችልም። አራተኛ ፎቅ ያለው ሊከፍል ቢስማማና ምድር ቤት ያለው ቢቃወም ምን ይደረጋል? በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶች ማኅበርን ያቋቋመው በጋራ የሚገለገሉበትን እንዲያስተዳድር ነው። ከጋራ ንብረት ሁሉ መጀመሪያው ደግሞ ሕንፃው የቆመበት መሬት ነው። በእኔ እምነት የማመልከት መብቱም ግዴታውም የማኅበሩ ሊሆን ይገባል፤ ክፍያውም በየቤቱ ስፋት ተደልድሎ፣ ያልከፈለው ሰው ድርሻ በቤቱ ላይ እንደ ዕዳ ይመዝገብ እንጂ የሌላውን እድሳት አያግድ።

ከዚህ የሚከብደው፣ እድሳቱ ሲከለከል የሚመጣው ውጤት ነው። በአዋጅ 721 መሠረት ውሉ ያልታደሰለት ሰው ካሳ አያገኝም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ንብረቱን ማንሣት አለበት፤ ካላነሣ መንግሥት ያለ ክፍያ ሊረከበው ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 7 ግን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት፣ የመሬት ተጠቃሚነቱ ሲቋረጥ ንብረቱን ማንሣትን፣ ባለቤትነቱን ማዛወርን ወይም የካሳ ክፍያ መጠየቅን ይጨምራል። ዝርዝሩን ሕግ እንዲወስን መተው ከሦስቱ አማራጮች አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን መሰረዝ አይደለም። የቀረው አንድ አማራጭ ማንሣት ከሆነ ደግሞ ለአፓርታማ ባለቤት ባዶ ነው። ስለዚህ ድንጋጌው በአፓርታማ ላይ ሲተገበር ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚታረቅበትን መንገድ አላገኘሁም። ጉዳዩ አንድ ቀን ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሊቀርብ የሚችል ነው፤ በምክር ቤት ማሻሻያ ቢቀደም ግን ይሻላል።

ሌሎች አገሮች በተለያየ መንገድ ሄደዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የንብረት ሕግ የመኖሪያ ቦታ የመጠቀም መብት ዘመኑ ሲያልቅ በራሱ ይታደሳል አለች፤ የክፍያው ጉዳይ ሳይቆረጥ በመቆየቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በዌንጁ ከተማ የ20 ዓመት መብታቸው ያለቀ ባለቤቶች ግራ ተጋብተው ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣችው ሕግ ለአፓርታማ ባለቤቶች የ90 ዓመት ጭማሪ የመጠየቅ መብት ሰጠች። ሲንጋፖር ደግሞ የጨከነውን መንገድ አሳየች፤ በጌይላንግ ሎሮንግ 3 የነበሩ የ60 ዓመት ሊዝ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ዘመናቸው ሲያበቃ ያለ ካሳ ለመንግሥት ተመለሱ። ለእኛ የሚቀርበው የቻይናው መነሻ ሐሳብ ነው፤ መሬቱ እዚያም የግል አይደለም።

መነሻ ዋጋው ራሱ በየጊዜው የሚከለስ ስለሆነ፣ «በወቅቱ ዋጋ» መታደሱ ለጡረተኛ ባለቤት ከመከልከል ብዙም ላይለይ ይችላል። ለመኖሪያ የሚታደስ ውል ክፍያው በረጅም ዓመታት ተከፋፍሎ፣ ባለቤቱ በቤቱ እስከኖረ ድረስ በዝቅተኛ ተመን ቢታሰብ መንግሥት ገቢውን አያጣም። እስከዚያው በሽያጭ ውሎች ላይ የሊዙ መነሻ ቀን፣ ዘርፍና ቀሪ ዘመን በግልጽ እንዲጻፍ ማስገደድ አዲስ አዋጅ ሳይጠብቅ በመመሪያ ሊጀመር ይችላል፤ ቤቱን በመያዣነት የሚቀበሉ ባንኮችም ይህንኑ መጠየቅ ይጠቅማቸዋል።